የደንበኞችን ዝርዝር ወደ ሲ.አር.ኤም እና ወደ ኢሜይል ማሰራጫ ፕሮግራም ማስገባት፦ ከተበታተነ ፋይል እስከ መጀመሪያው መልእክት

ሲ.አር.ኤም የደንበኞች መረጃ የሚመዘገብበት ፕሮግራም ነው፤ ኢሜይል ማሰራጫ ደግሞ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መልእክት የሚላክበት። ሀብስፖት፣ ዞሆ፣ ሜይልቺምፕና ብሬቮ የመሳሰሉት ፕሮግራሞች በሙሉ የደንበኞችን ዝርዝር ከፋይል የሚቀበሉበት ገጽ አላቸው። ፋይሉን መርጦ፣ አምዶቹን ከፕሮግራሙ መስኮች (መረጃ ከሚጻፍባቸው ቦታዎች) ጋር አዛምዶ ቁልፉን መጫን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ዋናው ሥራ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው፣ ቀኑን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለሚቆጥር፣ በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ተጠቃሚ በመሆኑ የእኛ ደንበኞች ስም፣ ስልክና የምዝገባ ቀን ሳይስተካከል ሲገባ ብዙ ጊዜ የስህተት መልእክት እንኳ አይመጣም፤ ፕሮግራሙ የተበላሸውን እንደ ትክክለኛ ይቀበለዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለፋይሉ ዝግጅት ነው።

ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት እንውሰድ። ከደንበኞቹ ከፊሎቹ የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች፣ ከፊሎቹ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ የሚኖሩ ወገኖች፣ የቀሩት ደግሞ አውሮፓውያን ጎብኚዎች ናቸው። መረጃቸው በኤክሴል ፋይሎች፣ በሠራተኞች ስልክ፣ በድርጅቱ ጂሜይልና በመሳቢያ ውስጥ ባሉ ቢዝነስ ካርዶች ተበታትኗል። ሲ.አር.ኤሙ ሀብስፖት፣ ኢሜይል ማሰራጫው ሜይልቺምፕ ነው እንበል። ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀም አንባቢ የቁልፎቹ ስም ይለይበት እንደሆነ እንጂ ቅደም ተከተሉ አይለወጥበትም።

ማን የት እንደሚገባ መወሰን

ሲ.አር.ኤም ከድርጅቱ ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ የሚመዘገብበት መዝገብ ነው፤ ስልክ ብቻ ያለው ደንበኛም ቦታ አለው። ወደ ኢሜይል ማሰራጫው መግባት ያለበት ግን የኢሜይል አድራሻ ያለውና መልእክት እንዲደርሰው የፈቀደ ሰው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው አለመያዝ ገንዘብም ያስወጣል። ሜይልቺምፕ ክፍያውን ሲያሰላ ከዝርዝር የወጡትንም ሆነ ለመልእክት ያልተመዘገቡትን እውቂያዎች (በመዝገቡ ውስጥ ያሉ ሰዎች) ይቆጥራል፤ አንድ ሰው በሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ውስጥ ካለ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሀብስፖት በበኩሉ የማርኬቲንግ መልእክት የሚላክላቸውን ለይቶ ያስከፍላል፤ ፋይል ሲያስገቡም እነዚህ ሰዎች የማርኬቲንግ እውቂያ ይሁኑ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ክፍያው በዶላር በመሆኑ ለአገር ውስጥ ድርጅት ይህች አንዲት ምልክት ቀላል አይደለችም።

ምንጮቹን በአንድ ቦታ መሰብሰብ

በሠራተኞች ስልክ ላይ ያለው ዝርዝር ከጉግል ጋር የተሳሰረ ከሆነ በጉግል ኮንታክትስ ገጽ ኤክስፖርት የሚለውን ተጭኖ በሲ.ኤስ.ቪ (አምዶቹ በኮማ የተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) መልክ ማውጣት ይቻላል። ካልተሳሰረ ስልኩ ራሱ ቪካርድ የሚባለውን ፋይል ያወጣል፤ እሱን ወደ ጉግል ኮንታክትስ አስገብቶ ከዚያ በሲ.ኤስ.ቪ ማውጣት ነው። ጂሜይል በራሱ ጊዜ ያጠራቀማቸውን፣ አንድ ቀን ኢሜይል የተጻጻፏቸውን ሰዎች ሁሉ የያዘውን «ሌሎች እውቂያዎች» የሚለውን ክፍል ግን አይንኩት። እዚያ ያሉት በአብዛኛው የድርጅቱ ደንበኞች አይደሉም።

የእያንዳንዱን ምንጭ የመጀመሪያ ቅጂ በአንድ ማኅደር ያስቀምጡና እንዳይነካ ያድርጉ፤ ሥራው በሙሉ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ዋና የሥራ ገጽ ላይ ያዋሕዱ። ሳያዋሕዱ በፊት ግን በየፋይሉ «ምንጭ» የሚል አምድ ጨምረው መረጃው ከየት እንደመጣ ይጻፉ፦ «የ2015 ኤግዚቢሽን ካርድ»፣ «የሽያጭ ክፍል ስልክ»፣ «የድረ ገጽ ቅጽ»። ፋይሎቹ አንዴ ከተቀላቀሉ በኋላ ማን ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ደግሞ ያለዚህ አምድ አይሠራም።

ፈቃድ የሌለውን መለየት

በእያንዳንዱ ምንጭ ፊት አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ እነዚህ ሰዎች ከእኛ መልእክት እንደሚደርሳቸው ያውቃሉ? በድረ ገጽ ቅጽ የተመዘገቡት ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ጉዞ የገዙትም ቢያንስ ድርጅቱን ያውቁታል። ከሌላ ድርጅት የተገዛ ወይም በወዳጅነት የተገኘ ዝርዝር ግን በየትኛውም መንገድ መግባት የለበትም። ሜይልቺምፕም ሆነ ሀብስፖት ይህን በውላቸው ከልክለዋል፤ ሀብስፖት ዝርዝሩ አለመገዛቱን በማስገቢያው ገጽ ላይ ምልክት አድርገው እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት መሰብሰብና መጠቀም በሕግ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። ደንበኞቹ ውጭ አገር ሲሆኑ የእነሱም አገር ሕግ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ በእያንዳንዱ የማስታወቂያ ኢሜይል ላይ የላኪው የፖስታ አድራሻ እንዲኖርና ከዝርዝር ልውጣ ያለ ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወጣ ያዛል። እስራኤል ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ፣ ካናዳ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ የሚሠሩባቸው ሕጎች ከማስታወቂያው አስቀድሞ ፈቃድ መገኘቱን ይጠይቃሉ። ስለዚህ «ፈቃድ» እና «የፈቃድ ቀን» የሚሉ ሁለት አምዶች ይጨምሩ። ፈቃዱ ያልታወቀ ሰው በሲ.አር.ኤሙ ውስጥ ይመዝገብ፤ ወደ ኢሜይል ማሰራጫው ግን አይለፍ።

ስም

ፕሮግራሞቹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ ሁለት መስኮች ይዘው ይመጣሉ። ለኢትዮጵያውያን ደንበኞች የመጀመሪያው መስክ የራስ ስም፣ ሁለተኛው የአባት ስም ይሁን፤ ለአያት ስም «የአያት ስም» የሚል ራሱን የቻለ መስክ ይፍጠሩ። የአባትንና የአያትን ስም በአንድ መስክ መጨመር ኋላ ላይ ፍለጋን ያስቸግራል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ግን በሕጋዊ ሰነዳቸው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበ ብዙዎች አሉ። ለቲኬትና ለቪዛ የሚያስፈልገው ያ በመሆኑ ለእነሱ ስማቸው በፓስፖርታቸው ላይ እንደሰፈረ ይቀመጥ።

አብዛኛው ፋይል ስምን የሚይዘው በአንድ ሴል ነው። «ወ/ሮ ፍቅርተ ገ/ሕይወት ወ/ማርያም» የሚል ሴል እንውሰድ። በኤክሴል የዳታ ዝርዝር ውስጥ ያለው ጽሑፍን በአምድ የመክፈያ መሣሪያ ባዶ ቦታን ተከትሎ ይቆርጠዋል፤ ውጤቱ «ወ/ሮ» የራስ ስም፣ «ፍቅርተ» የአባት ስም ይሆናል። ለዚህ ነው ማዕረግ ከሁሉ በፊት መውጣት ያለበት። አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ዶ/ር እና ኢንጂነር የሚሉትን ፈልገው «ማዕረግ» ወደሚል አምድ ያዛውሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ አጽሕሮተ ቃላቱን ይፍቱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና «ወ/» የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ «ወልደ» በሚለው ከተኩት ወይዘሮዎቹ በሙሉ «ወልደሮ» ሆነው ያድራሉ። «ወ/ማርያም» ራሱ ወልደ ማርያም ወይም ወለተ ማርያም ሊሆን ስለሚችል ይህን በጅምላ ከመተካት አንድ በአንድ ማየት፣ ያልታወቀውንም እንደተጻፈ መተው ይሻላል።

ሁለተኛው አደጋ ጥምር ስም ነው። ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ አብዱል ከሪም በባዶ ቦታ ተለያይተው ከተጻፉ መሣሪያው አንዱን ስም ሁለት ያደርገዋል። ከመክፈልዎ በፊት «ገብረ »፣ «ወልደ »፣ «ኃይለ »፣ «ተክለ »፣ «አብዱል » የሚሉትን ከነባዶ ቦታቸው ፈልገው ባዶ ቦታውን በታች ሰረዝ ይተኩት፤ ከፍለው ሲጨርሱ ታች ሰረዙን ወደ ባዶ ቦታ ይመልሱት። ከዚያ በኋላ በአራተኛው አምድ ላይ የተረፈ ነገር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ ለይተው በዓይን ይመልከቱ። ያመለጠ ጥምር ስም በአብዛኛው እዚያ ይገኛል።

ድርጅቱ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የሚጽፍ ከሆነ የፕሮግራሙ መደበኛ የስም መስኮች ለላቲን ፊደል ይሁኑ፤ «ስም በአማርኛ» የሚል መስክ ይጨመር። በአማርኛ በሚላከው መልእክት ላይ ሰላምታው ከዚህ መስክ ይወሰድ፤ መስኩ ባዶ ለሆነበት ሰው «ውድ ደንበኛችን» የሚል ተለዋጭ በፕሮግራሙ ውስጥ ይሞላ። ሰላምታ ሁልጊዜ በራስ ስም ነው፤ «ውድ ወ/ሮ ፍቅርተ» እንጂ በአባት ስም አይደለም። ማዕረጉ ለብቻው በመቀመጡ ይህን ማድረግ ይቻላል። ጾታው የማይታወቅ ደንበኛ በሚኖርበት ዝርዝር ላይ የመልእክቱ ግሦች በሙሉ በአክብሮት መልክ ይጻፉ።

የስልክ ቁጥር

ኤክሴል የስልክ ቁጥርን እንደ ብር ሒሳብ ይቆጥረዋል። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን ቁጥር ሲያገኝ ፊተኛውን ዜሮ ይጥላል፤ በ+251 የሚጀምረውን ሲያገኝ የመደመር ምልክቱን ያነሳል። የከፋው ግን ይህ ነው፦ 251 ተጨምሮበት 12 አኃዝ የሆነውን ቁጥር 2.51911 ብሎ ከጎኑ የአሥር ርቢ ምልክት ያደርግና አሳጥሮ ያሳያል፤ ፋይሉ በሲ.ኤስ.ቪ ሲቀመጥ ደግሞ የሚጻፈው የሚታየው ነው። ፕሮግራሙ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ 251911000000 ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች ከፋይሉ ጠፍተዋል፤ የመጀመሪያው ቅጂ ከሌለም አይመለሱም። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከመለጠፍዎ በፊት አምዱን መርጠው ዓይነቱን «ቴክስት» ያድርጉት። ቀድሞ ተለጥፎ ያጠረ ከሆነ ገና በኤክሴል ፋይል ላይ እያለ ዓይነቱን አሥርዮሽ የሌለው «ነምበር» ሲያደርጉት ሙሉው ይታያል።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቁጥሮችን ከውጭ አገሮቹ ይለዩ። ከኢትዮጵያዎቹ ላይ ባዶ ቦታን፣ ሰረዝንና ቅንፍን በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» ያጥፉ። ቀጥሎ ራይት በሚባለው የኤክሴል ቀመር የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ወስደው ከፊታቸው +251 ይጨምሩ። 0911፣ 911፣ 251911፣ 00251911 ተብለው የተጀመሩት ሁሉ በዚህ አንድ መልክ ይይዛሉ። የተገኘው የሞባይል ቁጥር ከ+251 ቀጥሎ በ9 ወይም በ7 የማይጀምር ከሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል። የሳዑዲ ሞባይል ከአገር መለያው በኋላ በ5 የሚጀምር 9 አኃዝ በመሆኑ ሳይለይ የቀረ ከሆነ በዚህ ይጋለጣል። የአሜሪካ ቁጥር ከአገር መለያው በኋላ 10 አኃዝ ስለሆነ ይህ ቀመር ቢነካው ይበላሻል፤ ለዚህ ነው መለየቱ የሚቀድመው። በአንድ ሴል ውስጥ በእዝባር (/) የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ካሉም ቀመሩ ሁለተኛውን ብቻ ወስዶ ዝም ይላል፤ እዝባር ያለባቸውን ሴሎች አስቀድመው ፈልገው «ሁለተኛ ስልክ» ወደሚል አምድ ይክፈሏቸው።

ቀን

«የመጀመሪያ ጉዞ ቀን» በሚል አምድ ላይ 12/05/2016 ተጽፏል። ጸሐፊው ያሉት ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ፕሮግራሙ ግን ሜይ 12 ወይም ዲሴምበር 5 ቀን 2016 ብሎ ይመዘግበዋል። ቀኑ ለእሱ ትክክለኛ ስለሆነ ምንም ስህተት አያሳይም፤ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ደንበኛ የአሥር ዓመት ደንበኛ ይሆናል። ፕሮግራሙ የሚያስቸግረው በጥቂት ቀኖች ብቻ ነው፦ ጥቅምት 30 ለእሱ የፌብሩዋሪ 30 ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ የ13ኛ ወር ነው። በቀን አምድዎ ላይ እንደዚህ ያሉ ጥቂት ስህተቶች ከወጡ ጥቂቶቹን አስተካክለው አይለፉ፤ አምዱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን የሚያመለክቱ ናቸው።

ኤክሴል ውስጥ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ የሚለውጥ የተዘጋጀ ቀመር የለም፤ ሆኖም በራስ መሥራት ይቻላል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት አምድ ይክፈሉና በአራተኛው ላይ ይህን ሒሳብ ያስገቡ፦

ዓመት × 365 + (ዓመት ÷ 4፣ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ) + ወር × 30 + ቀን − 691194

ለሙሉ ቁጥሩ ኢንት የሚባለው ቀመር ያገለግላል። ውጤቱ ኤክሴል ቀንን የሚቆጥርበት ቁጥር ነው፤ የሴሉን ዓይነት ወደ «ዴት» ሲቀይሩት የጎርጎርዮሱ ቀን ይወጣል። ለጥር 12 ቀን 2016 ውጤቱ 45312 ነው፤ ይህም ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ማለት ነው። ሒሳቡ ለጳጉሜን 6ም ይሠራል፤ በጉግል ሺትስም እንዲሁ። ሲጨርሱ ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ቅርጽ፣ ዓመት ቀድሞ ወርና ቀን ተከትሎ እንዲጻፉ ያድርጉ፤ በዚህ ቅርጽ ቀኑና ወሩ አይምታቱም። የሜይልቺምፕ የልደት ቀን መስክ ግን ዓመት የሌለው፣ ወር ቀድሞ ቀን የሚከተልበት ቅርጽ ነው የሚፈልገው።

ኢሜይልና ተደጋጋሚ ስሞች

ኢሜይሎቹን ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጡ፤ ከፊትና ከኋላ የተረፈውን ባዶ ቦታ ትሪም በሚባለው ቀመር ያጥፉ። የ@ ምልክት የሌለባቸውን፣ በነጥብ ፋንታ ኮማ የገባባቸውን፣ የጂሜይል መጨረሻ የተሳሳተባቸውን በማጣሪያ ያውጡ። ካርድ ላይ ከእጅ ጽሑፍ የተገለበጡ አድራሻዎች ላይ ስህተቱ ብዙ ስለሚሆን ለእነሱ ጊዜ ይስጡ።

ተደጋጋሚን መለየት ላይ ፕሮግራሞቹ የሚያዩት ኢሜይልን ነው። ሀብስፖት በአንድ ኢሜይል አንድ ሰው ይይዛል፤ ኢሜይል የሌለው ሰው ግን ፋይሉ በገባ ቁጥር አዲስ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ስልክ ብቻ ያላቸው ደንበኞች በሚበዙበት በእኛ አገር መዝገብ በፍጥነት የሚቆሽሸው በዚህ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ደንበኛ በዋናው ገጽ ላይ የራስዎን መለያ ቁጥር መስጠትና ሀብስፖት ውስጥ «የደንበኛ መለያ» የሚል፣ ዋጋው የማይደገም ተብሎ የተዋቀረ መስክ መፍጠር ነው። ከዚያ ወዲያ ፋይል በገባ ቁጥር ፕሮግራሙ ሰውየውን በዚህ ቁጥር ያገኘዋል።

በዋናው ገጽ ላይ ግን ተደጋጋሚውን የሚያገኙት እርስዎ ነዎት። በተስተካከለው ስልክ ደርድረው ተመሳሳዮችን ይዩ፤ ቀጥሎ በስም። በአማርኛ የተጻፈ ስም ላይ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሃይሉ፣ ዓለምና አለም፣ ፀሐይና ጸሃይ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስሙን ወደ ረዳት አምድ ገልብጠው በዚያ ላይ ብቻ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ይለውጡና በእሱ ያነጻጽሩ። ዋናውን ስም አይንኩ፤ ሰው ስሙ እሱ በሚጽፈው ፊደል ተጽፎ ማየት መብቱ ነው። ሁለት ረድፎች የአንድ ሰው መሆናቸው ሲረጋገጥ አንዱን ከማጥፋትዎ በፊት በሌላው ላይ የጎደለውን ከእሱ ይሙሉ።

ፋይሉን ማስቀመጥ

የተለመደው የሲ.ኤስ.ቪ አማራጭ የግዕዝ ፊደሎችን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣቸዋል። በኤክሴል «ሴቭ አዝ» ውስጥ ዩ.ቲ.ኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልን የሚይዝ የአጻጻፍ ሥርዓት) የሚል ያለበትን የሲ.ኤስ.ቪ አማራጭ ይምረጡ። የቆየ ኤክሴል ላይ ይህ ከሌለ ፋይሉን ወደ ጉግል ሺትስ ጭነው ከዚያ በሲ.ኤስ.ቪ ማውረድ ይቻላል፤ እሱ ሁልጊዜ በዩ.ቲ.ኤፍ-8 ነው የሚያስቀምጠው። ያስቀመጡትን ሲ.ኤስ.ቪ ለማየት ብለው ሁለት ጊዜ ተጭነው በኤክሴል ከፍተው እንደገና አያስቀምጡ፤ የስልኩ አምድ ተመልሶ ይበላሻል። ማረም ሲያስፈልግ በኤክሴል ዋናው ፋይል ላይ ያርሙና አዲስ ሲ.ኤስ.ቪ ያውጡ።

ከማስገባት በፊት በፕሮግራሙ ውስጥ

የሚያስፈልጉትን ተጨማሪ መስኮች አስቀድመው ይፍጠሩ፤ ዓይነታቸውንም ይወስኑ። ቀን የቀን መስክ፣ «የደንበኛ ዓይነት» ደግሞ ከዝርዝር የሚመረጥ መስክ ይሁን። ከዝርዝር ለሚመረጡ መስኮች በፋይሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ከተፈጠረው አማራጭ ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት፤ ሀብስፖት ውስጥ ከአንድ በላይ ምርጫ ሲኖር በሴሚኮለን ይለያሉ።

አዲስ ሰው ሲመዘገብ በራሳቸው የሚነሡ መልእክቶች ካሉ ሁሉንም ያቁሙ። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልእክት ለዓመታት ደንበኛ ለሆነ ሰው፣ ያውም ለሺህ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ የማይመለስ ነገር ነው።

ከዚያ የሙከራ ፋይል ያዘጋጁ። ሃያ ያህል ረድፍ ይበቃል፤ ነገር ግን ከላይ ያሉትን ሃያ አይውሰዱ፤ አስቸጋሪዎቹን መርጠው ይውሰዱ፦ ጥምር ስም ያለው፣ ኢሜይል የሌለው፣ የአሜሪካ ስልክ ያለው፣ በጳጉሜን የተመዘገበ፣ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ፣ ሁለት ስልክ ያለው። እነዚህ በትክክል ከገቡ የቀረው ይገባል።

ማስገባቱ

በሁለቱም ፕሮግራሞች ውስጥ መጀመሪያ የሚገቡት ከዝርዝር የወጡ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ይጠቀሙበት ከነበረው ፕሮግራም «አትላኩልኝ» ያሉትንና አድራሻቸው የማይሠራውን ለይተው ያውጡ። ሀብስፖት ለእነዚህ የተለየ የማስገቢያ ዓይነት አለው፤ በሜይልቺምፕ ደግሞ ፋይሉን ሲያስገቡ ሁኔታቸውን «አንሰብስክራይብድ» ይበሉት። ሜይልቺምፕ አንዴ የወጣን ሰው በፋይል መልሶ አያስገባም፤ ስለዚህ እነሱ ቀድመው ከገቡ በዋናው ፋይል ውስጥ በስህተት ቢገኙ እንኳ መልእክት አይደርሳቸውም።

በሀብስፖት ከእውቂያዎች ገጽ ኢምፖርት የሚለውን ይጫኑ፤ ፋይሉን ያስገቡና አዲስ መፍጠርና ያለውን ማደስ፣ አዲስ ብቻ መፍጠር ወይም ያለውን ብቻ ማደስ ከሚሉት ይምረጡ። በማዛመጃው ገጽ ላይ ፕሮግራሙ በራሱ ያዛመደውን አይመኑ፤ እያንዳንዱን አምድ ወደ የትኛው መስክ እንደሄደ ያንብቡ። በተለይ የአባት ስምና የአያት ስም ሁለቱም ወደ «መጨረሻ ስም» እንዳይሄዱ፣ የቀኑም ቅርጽ በትክክል እንዲመረጥ ያረጋግጡ። የማያስፈልግ አምድ ካለ «አታስገባ» ይበሉት። የመሥሪያ ቤት ደንበኞችን በሚመለከት ሀብስፖት ድርጅትን የሚለየው በድረ ገጹ ስም ነው። ጂሜይል የሚጠቀሙና ድረ ገጽ የሌላቸው መሥሪያ ቤቶች በዚህ ስለማይለዩ ለድርጅቶችም የራስዎን መለያ ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል።

በሜይልቺምፕ አንድ ፋይል አንድ ሁኔታ ብቻ ይይዛል፤ የፈቀዱትና የወጡት በተለያየ ፋይል ይግቡ። የደንበኛ ዓይነትን ለመለየት ብዙ ዝርዝሮችን አይፍጠሩ፤ አንድ ዝርዝር ይኑርና «ዳያስፖራ»፣ «መሥሪያ ቤት»፣ «አውሮፓ» የሚሉ ታጎች (መለያ ምልክቶች) ይሰጣቸው። ለእያንዳንዱ ማስገባትም የቀኑን ስም የያዘ ታግ ይጨምሩ። ስህተት ቢገኝ በዚያ ታግ የገቡትን በሙሉ በአንድ ጊዜ መርጦ ማስተካከል ወይም ማውጣት ይቻላል። ነባሮችን ለማደስ የሚገባ ፋይል ላይ የሚታደሱት አምዶች ብቻ ይኑሩ፤ የቀሩትን ከፋይሉ ይሰርዙ።

ከገባ በኋላ

የገቡት፣ የታደሱትና ውድቅ የሆኑት ድምር ከፋይሉ ረድፍ ብዛት ጋር እኩል መሆኑን ይዩ። ሀብስፖት የስህተቶቹን ፋይል ያወጣልዎታል፤ ያርሙትና እነሱን ብቻ እንደገና ያስገቡ። ከዚያ በተለያየ ምንጭ የመጡ ጥቂት ሰዎችን ገጽ ከፍተው ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ያነጻጽሩ። ስሙ፣ ስልኩ፣ ቀኑ፣ ፈቃዱ። ችግር ከታየ የገባውን ሁሉ አጥፍቶ ፋይሉን አርሞ እንደገና መጀመር ሺህ ረድፎችን በፕሮግራሙ ውስጥ በእጅ ከማረም ይቀላል። ይህን የሚወስኑበት ጊዜ ደግሞ ሠራተኞች ማስታወሻ መጻፍ ሳይጀምሩ ነው።

የመጀመሪያው መልእክት ከመላኩ በፊት የላኪው አድራሻ የድርጅቱ የራሱ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ላይ መሆን አለበት። በጂሜይል አድራሻ ስም በሜይልቺምፕ በኩል የተላከ መልእክት ወደ ስፓም የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ላኪዎች ኤስ.ፒ.ኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን፣ መልእክቱ በእርግጥ ከዶሜይኑ ባለቤት መምጣቱን የሚያሳዩትን የማረጋገጫ መዝገቦች ግዴታ አድርገዋል፤ በአንድ ጭነት ከዝርዝር መውጫ እንዲኖርም ያዛሉ። መልእክቱን ስፓም ብለው የሚያመለክቱት ሰዎችም ከ0.3% በታች እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። በ1,000 ሰው ሦስት ማለት ነው። መዝገቦቹን ዶሜይኑን የሸጠልዎ ድርጅት ገጽ ላይ ያስገቧቸው፤ ፕሮግራሙ የሚገባውን ጽሑፍ ይሰጥዎታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲልኩ ለሁሉም አይላኩ። በቅርብ ከተገናኟቸው ይጀምሩና ሳይደርስ የተመለሰውን መልእክት ቁጥር አይተው ወደ ቆዩት ይሂዱ። ጉግል ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ሥራ ላይ ያልዋሉ የግል አካውንቶችን ማጥፋት በመጀመሩ በቆየ ዝርዝር ላይ ያሉ ብዙ የጂሜይል አድራሻዎች ዛሬ ባለቤት የላቸውም። ተመላሽ የበዛበት ላኪ ደግሞ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ላልተጻፈላቸው የሚላከው የመጀመሪያ መልእክት ማስታወቂያ ባይሆን ይመረጣል፤ ድርጅቱ ማን እንደሆነ፣ ሰውየው በምን አጋጣሚ እንደተመዘገበ የሚያስታውስና መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ይሁን።

በመጨረሻም በሠራተኞች ኮምፒዩተር፣ በቴሌግራምና በፍላሽ ላይ የቀሩትን የሥራ ቅጂዎች ያጥፉ፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች በይለፍ ቃል ተዘግተው አንድ ኃላፊ ዘንድ ይቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ደንበኛ የሚመዘገበው በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ነው፤ የድሮው የኤክሴል ፋይል የማንበብ እንጂ የመጻፍ ፈቃድ አይኑረው።